«ቆንጆ ነው» ብቻ አይበቃም

(የማኅበራችን የሥልጠና አስተባባሪ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ድረ ገጽ መሥራት የጀመሩ እኅቶቻችን ሥራቸውን እርስ በርስ እንዴት እንደሚተያዩና እንደሚተራረሙ ነው። ርእሱ ለኮምፒውተር ተማሪዎች ብቻ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት ከሁሉ በላይ ኮድ ለማታውቁት ነው።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። ድረ ገጽ ሁለት ወገን አለው። አንዱ ከኋላ ያለው፣ መረጃ የሚያስቀምጠውና የሚያሰላው ክፍል ነው። ሌላው ከፊት ያለው፣ ሰው በዓይኑ የሚያየውና በጣቱ የሚነካው ክፍል ነው፤ በሙያው «ፍሮንት ኤንድ» ይሉታል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሦስት ነገር ይማራል። ኤችቲኤምኤል የገጹን አካል ያቆማል፤ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ ሥዕል ነው፣ ይህ ቁልፍ ነው ይላል። ሲኤስኤስ ያለብሰዋል፤ ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠን፣ ክፍተቱን ይወስናል። ጃቫስክሪፕት ያንቀሳቅሰዋል፤ ሲነኩት እንዲከፈት፣ ሲሞሉት እንዲደምር ያደርገዋል። በቤት ብንመስለው የመጀመሪያው ግድግዳና ጣሪያ፣ ሁለተኛው ልስንና ቀለም፣ ሦስተኛው መብራቱና የበሩ ደወል ነው።

ይህን ትምህርት ዛሬ ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. ክረምት የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ኢኒሼቲቭ ተጀምሯል። ፍሪኮድካምፕ የተባለው ነፃ ማስተማሪያም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ስልክና ትዕግሥት ያላት ሴት ብዙ መማር ትችላለች። ነገር ግን እነዚህ ትምህርቶች በቀላሉ የማይሰጡት አንድ ነገር አለ፤ የሠራሽውን አይቶ እውነቱን የሚነግርሽ ሰው።

ኮምፒውተሩስ አይነግራትም ወይ? ትሉ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አይነግራትም። ኤችቲኤምኤል ውስጥ ስሕተት ቢኖርም ብራውዘሩ ዝም ብሎ እንደምንም አስተካክሎ ያሳየዋል። በእርሷ ላፕቶፕ ላይ ሁሉ ነገር ደኅና ይመስላል። በሌላ ሰው ስልክ ላይ ምን እንደሚመስል ግን አታውቅም። ስለዚህ ሰው ያስፈልጋታል።

ይሉኝታና ሥራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንዲት ተማሪ የመጀመሪያ ገጿን ሠርታ ለጓደኞቿ ስታሳይ የምትሰማው ምንድን ነው? «ቆንጆ ነው!»፣ «ጎበዝ ነሽ!»፣ «በርቺ!»። ደስ ይላል፤ አይከፋም። ቤቷ ስትገባ ግን ነገ ምን እንደምታስተካክል ከዚህ ሁሉ ምርቃት ውስጥ አንድም አታገኝም።

ይሉኝታ መጥፎ ነገር አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ዕቁብተኛ ከዕቁብተኛ ተቻችሎ የሚኖረው በይሉኝታ ጭምር ነው። ሥራ ላይ ሲሆን ግን ዋጋ ያስከፍላል። ገዢ ገጹን ከፍቶ ማዘዝ ካቃተው ደውሎ አይወቅሰንም፤ ዘግቶት ወደ ሌላ ይሄዳል። ቀጣሪም እንዲሁ ነው። የአመልካቿን ሥራ አይቶ ካልወደደው ምክንያቱን ቁጭ ብሎ አያስረዳትም፤ አይደውልላትም ብቻ። እኛ በፍቅር ያልነገርናትን ሌላው በዝምታ ይነግራታል።

ሌላውም ጽንፍ አለ። «ይህን ነው ሁለት ወር የተማርሽው?» ብሎ ማለፍ። ይህ እርማት አይደለም። በዚህ ዓይነት አንድ ቃል ትምህርቷን የምታቆም ሴት አለች፤ በተለይ ከቤት ሥራና ከልጅ ማሳደግ በተረፈ ሌሊት የተማረች ከሆነች።

ሦስተኛውን መንገድ እኛ ሴቶች አሳምረን እናውቀዋለን፤ ከወጥ ቤት እናውቀዋለን። አንዲት እኅት የጋገረችው እንጀራ ዓይን ባይኖረው «ቆንጆ ነው» ብለን አናልፍም። «አንቺማ ሙያ የለሽም» ብለንም አናባርራትም። «ምጣዱ በደንብ ሳይግል ነው ያፈሰስሽው»፣ «ሊጡ ወፍሯል፣ ትንሽ ውኃ ጨምሪበት»፣ «አብሲቱ አንሶታል» እንላለን። ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ያየነውን እንናገራለን። ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል እንጠቁማለን። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ እንጨምራለን። ንግግሩ ስለ እንጀራው እንጂ ስለ ጋጋሪዋ አይደለም። ድረ ገጽንም የምናየው ልክ እንደዚሁ ነው።

ምን እንይ?

«እኔ ኮድ አላውቅም፣ ምን አስተያየት እሰጣለሁ?» የምትል እናት ካለች፣ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች ለማየት አንድም የኮድ ፊደል ማወቅ አያስፈልጋትም።

አንደኛ፣ በስልክ ይከፈት። ተማሪዋ የምትሠራው በላፕቶፕ ነው፤ ገዢው የሚያየው በስልክ ነው። በገጹ ራስጌ ላይ «ቪውፖርት» የምትባል አንዲት መስመር ካልተጻፈች፣ የስልኩ ብራውዘር ገጹ ለኮምፒውተር የተሠራ መስሎት ወደ 980 ፒክስል ስፋት ዘርግቶ ከዚያ አሳንሶ ያሳየዋል። የብዙ ስልኮች ስፋት በድረ ገጽ ልኬት ከ360 እስከ 430 ያህል ስለሆነ ፊደሉ እንደ ጤፍ ይደቃል። እናንተ ማለት ያለባችሁ «በጣቴ ካልሳብኩት አይነበበኝም» ብቻ ነው። መስመሯን ተማሪዋ ራሷ ታገኛታለች።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል? በስልክ የተነሣ ፎቶ አራት ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ስድስት ፎቶ እንዳለ ቢጫን 24 ሜጋባይት ነው። እያንዳንዱ ተጨምቆ ወደ 150 ኪሎባይት ቢወርድ ግን ስድስቱም አንድ ሜጋባይት አይሞሉም፤ በስልክ ላይ ልዩነቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ካርድ ሞልታ በሜጋባይት የምትጠቀም ሴት ልዩነቱን በኪሷ ታውቀዋለች። ደግሞም ከእያንዳንዱ ሥዕል ኋላ «የተፈጨ በርበሬ በአንድ ኪሎ እሽግ» የሚል አጭር ጽሑፍ ይኑር። ኔትወርኩ ደክሞ ሥዕሉ ባይመጣ ያ ጽሑፍ ይታያል፤ ዓይነ ስውር ለሆነ ሰውም ስልኩ ያነብለታል።

ሦስተኛ፣ ቀለሙ ይነበባል? ለድረ ገጽ ተደራሽነት የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 የንጽጽር ልዩነት እንዲኖረው ይጠይቃል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። ደማቅ ቢጫ በነጭ ላይ ግን 1.07 ለ1 ብቻ ነው፤ እንደሌለ ቁጠሩት። ልኬቱን በነፃ የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ከሁሉ የሚቀለው ግን ስልኩን ይዞ ወደ ፀሐይ መውጣት ነው። ፀሐይ ላይ የማይነበብ ዋጋ ገበያ ላይ አይነበብም።

አራተኛ፣ ፊደላችን በትክክል ወጥቷል? የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በቀደሙት የአማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈ የቆየ ሰነድ ተቀድቶ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ፣ የተበታተነ የላቲን ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ እንደገና መጻፍ ወይም በመቀየሪያ መለወጥ ይኖርበታል። መጠኑም ይታሰብበት። «ቡ»ንና «ቢ»ን የሚለየው የአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተትም ሰፋ ይበል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሳሰሉ ነፃ የፊደል ዓይነቶች ስላሉ ገንዘብ አያስፈልግም። በዕድሜ የገፋችሁ እናቶች እዚህ ላይ ከሁላችንም ትበልጣላችሁ፤ መነጽራችሁን ሳታደርጉ አንብቡት።

አምስተኛ፣ ቅጹ ለእኛ ተሠርቷል? ጀማሪ ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር የተዘጋጀ ቅጽ ቀድታ ትጀምራለች። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። የፖስታ ኮድ ካልተሞላ አላልፍም ይላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለች ገዢ ምን ትሙላ? ስልክ ቁጥር በ09 ሲጀምር ይቀበልና በ07 ሲጀምር «ስሕተት» ይላል። ሰዓቱንም አስቡት። «ማክሰኞ በ3 ሰዓት እናደርሳለን» የሚለውን እኛ ጠዋት ብለን እናነበዋለን፤ ውጭ አገር ያለ ወዳጃችን ሌላ ሰዓት ይረዳል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መጻፍ ነገሩን ይፈታዋል።

እንዴት እንጠይቅ?

ለተማሪዎቻችን የምለው ደግሞ ይህ ነው። «እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ቆንጆ ነው» የሚል መልስ ታገኛላችሁ፤ ጥያቄው ራሱ ሌላ መልስ አይጋብዝም። ገጹን ከማሳየታችሁ በፊት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ገጹ ለማን ነው? ሰውየው ወይም ሴትየዋ ገጹ ላይ ምን ማድረግ መቻል አለባቸው? እኔ የተጠራጠርኩት የትኛውን ቦታ ነው? ለምሳሌ፦ «ይህ ገጽ ሽሮና በርበሬ በስልክ ለሚያዙ ሴቶች ነው። ዋጋውን አይተው ሁለት ኪሎ ማዘዝ መቻል አለባቸው። የማዘዣው ቁልፍ ይታይ አይታይ እርግጠኛ አይደለሁም።»

ከዚያ ስልኩን ስጡና ዝም በሉ። «እትዬ፣ እስቲ ከዚህ ላይ ሁለት ኪሎ በርበሬ ይዘዙልኝ» ብላችሁ ተቀመጡ። ከዝምታ የሚከብድ ነገር የለም፤ ጣታችሁ «እዚህ ጋ ነው!» ለማለት ይሮጣል። አትንኩ። ደንበኛ ቤት ውስጥ እናንተ አትኖሩም። እትዬ የቆሙበት፣ ያመነቱበት፣ ወደ ኋላ የተመለሱበት ቦታ ሁሉ አስተያየት ነው፤ አንድ ቃል ባይናገሩም።

ስንት ሰው ይበቃል? በዚህ ሙያ የታወቀው ጄኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ በአንድ ዙር አምስት ሰው መሞከር አብዛኛውን ችግር እንደሚያወጣ ተከራክሯል። ምክሩ ብዙ ሰው በአንዴ ከመሰብሰብ ይልቅ በጥቂት ሰው መሞከር፣ ማስተካከል፣ እንደገና መሞከር ነው። አምስት ሰው ለእኛ ምን ያህል ነው? የአንድ ቡና ጊዜ ነው። ሌላ ቦታ ተከፍሎበት የሚገኘውን፣ እኛ ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ እናገኘዋለን።

እንዴት እንስጥ? እንዴት እንቀበል?

አስተያየት የምትሰጪው እኅት፣ ያየሽውን ተናገሪ። «ቁልፉ አይረባም» አትበዪ። «በእኔ ስልክ ‹ይዘዙ› የሚለውን ሦስት ጊዜ ነካሁት፣ የተቀበለኝ በሦስተኛው ነው፤ ‹ይሰርዙ› የሚለው ስለተጠጋው ፈራሁ» በዪ። ይህን የሰማች ተማሪ ቁልፉ ትንሽ እንደሆነ ወዲያው ይገባታል፤ ጉግል ለአንድሮይድ የሚመክረው መጠን ቢያንስ 48 በ48 ነው። የተጠቀምሽበትን ስልክ ዓይነትም ንገሪያት፤ በአንዱ የሚሠራ በሌላው ላይሠራ ይችላል።

የተሰበሰበውን አስተያየት በሦስት ክምር ክፈሉት። የመጀመሪያው ሰውን የሚያስቆም ነው፤ ማዘዝ አልተቻለም፣ ፊደሉ አልወጣም። ሁለተኛው የሚያስቸግር ነው፤ ይቻላል ግን ያደክማል። ሦስተኛው የምርጫ ጉዳይ ነው፤ «እኔ ብሆን አረንጓዴ አደርገው ነበር» የሚለው ዓይነት። ተማሪዋ ከመጀመሪያው ክምር ትጀምር። ብዙ ጊዜ የምናየው የተገላቢጦሽ ነው፤ ማዘዣው ሳይሠራ ስለ ቀለም አንድ ሰዓት እንከራከራለን።

የምትቀበይው እኅት ደግሞ፣ አትከራከሪ፤ ጻፊ። «በእኔ ላፕቶፕ ይሠራል» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለገዢዋ ግን አይጠቅማትም። «የት ቦታ ላይ?»፣ «ምን ጠብቀሽ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ አመስግኚ። የተባልሽውን ሁሉ የመፈጸም ግዴታ የለብሽም። አንዷ ፊደሉ ይጨመር፣ ሌላዋ ይቀነስ ካሉሽ ወደ ጻፍሻቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ተመለሺ፤ ገጹ ለማን እንደሆነ ይዳኝሽ። ካስተካከልሽ በኋላ ያንኑ ገጽ ለዚያችው ሰው አሳዪ። ቃሏ ሥራ ላይ መዋሉን ያየች ሴት በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ አስተውላ ታያለች።

በገጹ ላይ ያሉትም ይጠየቁ

አሁን የምናገረው ከሁሉ የሚከብደኝን ነው። ከተማሪዎቻችን አንዷ ለማኅበራችን ምርቶች የመለማመጃ ገጽ ሠርታ ነበር። በቴክኒክ ረገድ ንጹሕ ሥራ ነው። ከአንዲት አባላችን ፎቶ ሥር ግን «ባሏ ጥሏት የሄደ፣ የሦስት ልጆች እናት» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ተማሪዋ በክፋት አልጻፈችውም፤ ለለጋሾች በምናዘጋጃቸው ወረቀቶች ላይ እንዲህ ያለ አጻጻፍ አይታለች። አስተያየት የሰጡት ሁሉ ስለ ፊደሉና ስለ ቀለሙ ተናገሩ። በመጨረሻ ስልኩ ፎቶው ላይ ላለችው ለራሷ ደረሰ። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ትልቋ ልጄ አሁን ስልክ አላት። የክፍል ጓደኞቿም አላቸው» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ተማሪዋ እዚያው ቁጭ ብላ «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላ ጠየቀቻት። የተጻፈው «የበርበሬ ቅመም አመጣጠን ዋና ባለሙያችን» የሚል ሆነ። ይህም እውነት ነው፤ ሲበዛም እውነት ነው። ፎቶውን ግን ራሷ መርጣ በሌላ አስቀየረችው፤ በነጭ ነጠላዋ የተነሣችውን።

ይህን የነገርኳችሁ ለማስተዛዘን አይደለም። ይህን ጉድለት የትኛውም የኮድ መመርመሪያ አያገኘውም፤ ባለሙያ መሐንዲስም ላያየው ይችላል። ያየችው ገጹ ስለ እርሷ የሚናገርላት ሴት ናት። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በማንኛውም ገጻችን ላይ ስሟ፣ ፎቶዋ ወይም ታሪኳ የሚወጣ አባል፣ ገጹ ለሌላ ሰው ከመታየቱ በፊት ቀድማ እንድትታየው፣ «ይውጣልኝ» ካለችም ምክንያት ሳትጠየቅ እንዲወጣላት ሐሳብ አቀርባለሁ። የልጆች ፎቶና የግል ስልክ ቁጥርማ ጨርሶ አይለጠፍ።

የምጠይቃችሁ

አባላትን የምጠይቀው ግማሽ ሰዓት ነው። በየወሩ ስብሰባችን ሲያልቅ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ተማሪዎች ገጻቸውን በስልክ ይዘው በየተራ ይቀርባሉ። ለእያንዳንዷ አምስት ሴቶች ይሞክሩላት። ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ኮድ የማያውቁ፣ አንዷ በዕድሜ ከፍ ያለች ትሁን። «ቆንጆ ነው» ማለት አልተከለከለም፤ ግን «ምክንያቱም» የሚል ቃል ይከተለው። ምኑ እንዳማረ ማወቅም ትምህርት ነው፤ የሠራላትን እንዳታፈርሰው ያደርጋታል።

ለጋሾቻችንንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ለላፕቶፖቹና ለኢንተርኔቱ እናመሰግናለን። ከዚህ በተጨማሪ ገጽ ስንልክላችሁ በራሳችሁ ስልክ ክፈቱትና አንድ ነገር ለማዘዝ ሞክሩ። የት እንደቆማችሁ በሁለት መስመር ጻፉልን። አታዝኑልን፣ አታባብሉንም። ለባለሙያ እንደምትጽፉት ጻፉልን፤ ተማሪዎቻችን ወደዚያ እየሄዱ ነውና። የአባሎቻችንን ታሪክ ስትጠይቁን ደግሞ ከችግሯ ይልቅ ስለ ሙያዋ ብትጠይቁን እንዴት ደስ ባለን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው አባቶቻችንና እናቶቻችን ሲተርቱ ድረ ገጽን አላሰቡም። እኛ ግን ሁለቱንም ይዘናል። የመጀመሪያዋ ተማሪ ስልኳን ይዛ እዚያ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮቿንም ጽፋለች። ቡናው እስኪወርድ አምስት ሴቶች ከእርሷ ጋር ተቀመጡላት።